ለካምቢዮ ሽማግሌ የላክሁ ሰሞን

በአሰላ ከተማ ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላከች ሴት ስለመኖሯ አልሰማሁም። ያውም ሰው ለመጠየቅ አይደለም፤ ካምቢዮ ለመጠየቅ ነው። የምትስቁ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ነገሩ እንጀራዬ ስለነበር ሳቅ የሚባል ከደጄም አልደረሰ።

ዘነቡ እባላለሁ። ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ አንድ አሮጌ ፒካፕ አለኝ። በየማለዳው ወደ ሳጉሬ ወጥቼ የገበሬዎቹን ወተት እሰበስብና አሰላ አደርሳለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሰው ፊት ለፊት «ሾፌሯ» ይለኛል፤ ከኋላዬ ደግሞ «መሪ ጨብጣ ቀረች» ይለኛል። ከኋላዬ የሚለውም ምላሴን ስለሚፈራ ነው። እውነቱን ለመናገር ምላሴ የሚያስፈራ ነው።

የቤንዚን ሞተሬ ዳገት ላይ ጓ! ብሎ ሲሞት መካኒኬ ጉታ «ናፍጣ ሞተር ግዢ፤ ለሳጉሬ ዳገት እሱ ነው የሚሻልሽ» አለኝ። አዳማ ድረስ ወርጄ ገዛሁ። ረቡዕ ዕለት ጉታ ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ወደ ካምቢዮዬ አስጠጋው። አልገጠመም። አዞረው። አልገጠመም። ሰደበው። አሁንም አልገጠመም።

ለማያውቅ ልንገር። ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማ የሚያስተላልፍ፣ ማርሹ የሚቀያየርበት ሳጥን ነው። ከሞተሩ ጋር ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል። የቡሎኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ሁለቱም ብረት ናቸው እንጂ መኪና አይደሉም።

«በብየዳ አይሆንም?» አልኩት።

«ቀዳዳውስ በብየዳም በቶርኖም ይስተካከል እንበል» አለ ጉታ። «ያንቺ ካምቢዮ የቤንዚን ነው። ቤንዚን እየጮኸ ይሮጣል፣ ናፍጣ ቀስ ብሎ ይገፋል። አንድ ዳገት ሳትጨርሺ ጥርሱን ፈጭቶ ያስረክብሻል።»

«ታዲያ ሞተሩን ግዢ ስትለኝ ይሄን አታውቅም ነበር?»

ጉታ ጥፍሩን አየ። «አውቃለሁ። ግን ካምቢዮው ይገኛል ብዬ ነው።»

እዚያ ላይ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ግን እስከ ዛሬ እየጠቀሰ ይስቅብኛል።

ለዚያ ሞተር የሚሆን ካምቢዮ በአካባቢው አንድ ብቻ ነበር። ኢተያ፣ ኦቦ ሁንዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሾፌር ግቢ ውስጥ፣ ሞተሯ የወጣ የናፍጣ ፒካፕ ቆማለች። ስንት መካኒክ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የወተት አምራቾቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ አበራሽ ደወሉልኝ።

«ዘኑዬ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅንሽ። ወተቱ በጋሪ እየሄደ መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው። ሰኞ ጠዋት ካልመጣሽ መስመሩን ለሌላ መኪና እንሰጣለን። ሰዉ ወስኗል፤ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?»

ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው። መስመሩ ከሄደ ግን እኔም ሄድኩ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሐሙስ ጉታ ኢተያ ሄዶ ግራ የገባው ፊት ይዞ መጣ። «በገንዘብ አልሰጥም አሉ። ከቤቴ የሚወጣ ነገር በወግ ነው የሚወጣው፤ የምትፈልገው ሰው ሽማግሌ ትላክና ለማን እንደምሰጥ ልወቅ አሉ።»

«ለካምቢዮ?»

«ለካምቢዮ።»

ወዲያው ወደ ጋሽ ተድላ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ተድላ የአሰላን ግማሽ ሙሽሮች ሄደው የጠየቁ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ሽምግልና ማለት ጋብቻ ነው፤ ሌላውን አያውቁም። «ሽማግሌ ልልክዎ ነው» ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተመስገን! እኔማ ስትዳሪ ሳላይ ልሞት ነው ብዬ ነበር። ማነው ልጁ?»

«ልጅ አይደለም ጋሽ ተድላ። ካምቢዮ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «የማን ልጅ ነው?»

እስኪገባቸው ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ «በቃ፣ መጠየቅ መጠየቅ ነው» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። ሁለተኛው ሽማግሌ ወዳጃቸው ሐጂ ቃሲም ሆኑ፤ የብረታ ብረት ነጋዴ ስለሆኑ ነገሩ አልከበዳቸውም። ሦስተኛው ሰው «ሴት የላከችው ሽምግልና አልሄድም» ብሎ ቀረ። ወጉ ደግሞ ሦስት ነው። ስለዚህ ጉታን ጋቢ አልብሰን ሽማግሌ አደረግነው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥፍሩ ከሰል ነው። «እጅህን ከጋቢው እንዳታወጣ፣ አፍህንም እንዳትከፍት» አልኩት።

ዓርብ በሚኒባስ ኢተያ ገባን። ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ቆምኩ። የምስማር ቀዳዳ አገኘሁና ዓይኔን ለጠፍኩበት።

ኦቦ ሁንዴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። «ኮታ፣ ታአ! ኑ ተቀመጡ» አሉ።

ጋሽ ተድላ ደረታቸውን ነፉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ተቀምጣችሁ ተናገሩ።»

«ቆመን ነው የምንናገረው።»

ሦስቴ እንዲህ ተባባሉና፣ ወጉ ሲሞላ ተቀመጡ። ጋሽ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው እርስዎ ዘንድ ያለችውን ካምቢዮ ለሞተራችን ለመጠየቅ ነው። ዝምድናችሁን ፈልገን መጥተናል።»

ኦቦ ሁንዴ ፍንክች አላሉም። «ሞተሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ጨዋ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም።»

«ናፍጣ አይደለም እንዴ?»

«ናፍጣ ነው።»

«ናፍጣ ሆኖ አያጨስም?»

ከጋቢው ውስጥ የጉታ ድምፅ ወጣ። «ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያጨሳል።»

«ይሄኛው ሽማግሌ በምን አወቁ?» አሉ ኦቦ ሁንዴ።

ጉታ ደነገጠ። «ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለ።

ሐጂ ቃሲም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኦቦ ሁንዴ ግን ሳይስቁ «ሌላስ? ጠባዩ? ቤት ይዞ ያድራል?» ብለው ጋሽ ተድላ ላይ አፈጠጡ። ጋሽ ተድላ ስለ ሞተር የሚያውቁት አለቀባቸው። መሬት መሬት አዩ። በቃ አበቃልኝ አልኩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩ።

«የምታሳድረውን ሰው ልንገርዎ። ዘነቡ ትባላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን የሰው ወተት አላበላሸችም። ሳጉሬ ሰው ሲታመም ከወተቱ ጋር ጭና ሐኪም ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፤ አድርጌያለሁ ብላም አታወራም። አፏ መራራ ነው፣ አልዋሽዎትም። ግን ያለችውን ሰዓት አትሳሳትም። አባቷ ሲሞት ወንድ ልጅ የለውም ብለን አዝነንለት ነበር። ተሳስተናል። ልጅ ነበረው።»

እኔ ከአጥሩ ውጭ ነኝ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ? ስለ እኔ እንዲህ ሲባል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም፤ ሰው ስለ ሰው እንዲህ የሚናገርበትን ቦታ እኔ ከውጭ እንኳ ቆሜ አላየሁትም ነበር። ቆርቆሮውን ይዤ ስንሰቀሰቅ መንገድ ላይ የታሰረች አህያ ዞራ አየችኝ።

ኦቦ ሁንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጋሪ ዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ያለቀ መሰለኝ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ነገሩ አልቆልኝ ነበር። ግን ጋሽ ተድላ ስንት ዓመት የለመደ አፋቸው ሞቅ ብሎት ቀጠለ።

«ደግሞም እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል። በሁለቱ መካከል ምንም፣ ምንም ዝምድና የለም!»

ይሄ በእኛ አገር ለሙሽሮች የሚነገር ዋናው ቃል ነው። እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ ከሆኑ ጋብቻ የለም፤ ነውር ነው። ለካምቢዮ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው።

ኦቦ ሁንዴ ብድግ አሉ። «ዝምድና ከሌላቸው እንዴት ይገጥማሉ? እኔ ለወገኗ እንጂ ለባዕድ ሞተር ልሰጥ ነው? ጥርሷን ሊፈጫት?»

ጉታ እጁን ከጋቢው አወጣ፤ ጥቁሩን ጥፍር እያወዛወዘ «ዘመድ ናቸው! ከአንድ ቤት ነው የወጡት!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ተድላ ወደ እሱ ዞሩ። «ምን? ዘመድ ናቸው? አንተ! ይሄን እያወቅህ አመጣኸኝ? እኔ እንዲህ ባለ ነውር አልሸመግልም!»

«ጋሽ ተድላ፣ ብረት ነው እኮ!»

«ብረትም ቢሆን!»

ኦቦ ሁንዴ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። «ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ሙሽራውን ይዛችሁ ኑ። በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን በድንች መኪና ላይ ጫንነው። ጋሽ ተድላ «ሙሽራ ራቁቱን አይሄድም» ብለው የገዛ ጋቢያቸውን ደረቡለት። እሳቸውና ሐጂ ቃሲም ነጭ በነጭ ለብሰው በግራና በቀኙ ተቀመጡ። እኔና ጉታ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጋር ነበርን። መንገድ ላይ ያለው ሰው ቀብር ነው ብሎ ባርኔጣውን ያወልቅልን ጀመር። አንዲት ሴትዮ ደረቷን መታች። ሐጂ ቃሲም መንገዱን ሙሉ «ለሰው ዝምድና ነውር ነው፣ ለብረት ዝምድና ግዴታ ነው» እያሉ ሲያስረዱ፣ ጋሽ ተድላ ኢተያ ስንደርስ ብቻ «እንግዲያ ብረት ባለጌ ነው» ብለው ተስማሙ።

ኦቦ ሁንዴ በዚህ ቀን እኔንም ግቢ አስገቡኝ። ጋቢውን ገልጠው ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ አሸተቱት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው በጣታቸው ቆረቆሩት። ጉታ ካርቶን አመጣና የሞተሩን ጀርባ በዘይት ቀባ፣ ካርቶኑን ለጥፎ ቀዳዳዎቹን አተመ። ከዚያ ካርቶኑን ይዞ የኦቦ ሁንዴ መኪና ሥር ገብቶ ካምቢዮዋ አፍ ላይ አደረገው። ኦቦ ሁንዴ በደረታቸው ተኝተው በየቀዳዳው ጣታቸውን እያስገቡ በኦሮምኛ ቆጠሩ።

«ቶኮ። ለማ። ሰዲ። አፉር። ሸን። ጀአ…»

ጣታቸው የመጨረሻው ላይ ቆየ። ከዚያ ገባ።

«ቶርባ!»

ጋሽ ተድላ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «እስከ ሰባት ቤት ዘመድ! ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም!»

ጉታ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ከሞተሬ ፈትቶ በካምቢዮዋ ዘንግ ላይ ሲሰካው ጥርስ ለጥርስ ሸርተት ብሎ ገባ። እኔ ደስታዬ ፈንቅሎኝ ጉታን አቀፍኩት። ቀና ስል ኦቦ ሁንዴ የሉም። መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተዋል።

ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አይፍረዱበት በያቸው፣ ልጄ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እዚያ ገብቶ አቦምሳ ይሄዳል።»

«አቦምሳ?»

«ሃያ ዓመት የነዳው መንገድ ነው። ቁጭ ብሎ ማርሽ እየቀየረ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የማርሹ ዱላ ያለው ካምቢዮዋ ላይ ነው። እሷን ከወሰዳችሁ በምን ይሄዳል?»

በዚያች ቅጽበት የሰኞው ነገር ከእጄ ሲወጣ ታወቀኝ። ከሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይወሰዳል? ግን ዝም ብዬ መመለስም አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ቀኝ እጃቸው ማርሹ ላይ ነበር። ፍሪሲዮኑን ረገጡ፣ ከሦስት ወደ ሁለት መለሱ።

«ቁልቁለቱ ነው?» አልኳቸው።

«ቁልቁለቱ ነው። ድንጋይ አለው።» መሪውን አዞሩ። «አንቺ በሁለት ነው የምትወርጂው?»

«በሁለት ነው። ፍሬን አላምንም።»

«ጎበዝ።» ዓይናቸውን ከመስተዋቱ አልነቀሉም። «አውቃለሁ የምትሉትን። መኪና ለሚሄድበት ሰው ይገባዋል። ግን እኔ ከዚህ ከወጣሁ ዶሮ እየቆጠርኩ ነው የምውለው።»

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ኦቦ ሁንዴ፣ የእኔ ካምቢዮ ለአዲሱ ሞተር አልሆነኝም። ግን የእርስዎ መኪና ሞተር የላትም። ማን አልገጥምም ይላታል?»

ዞር ብለው አዩኝ።

«የእኔን እተካልዎታለሁ፤ የጎኑን መያዣ ብረት ብቻ ጉታ ይበይደዋል፤ ዱላውም ከእሱ ጋር ነው» አልኩ እየተንተባተብኩ። «ይሠራል። ሞተሩ እንጂ ካምቢዮው ምንም አልሆነም።»

«ስንት ማርሽ ነው?»

«አራት።»

«የእኔ አምስት ነው።» ዱላውን ከአምስት ወደ አራት መለሱ። «አቦምሳ በአራት ይኬዳል?»

«ቀስ ካሉ ይኬዳል።»

«አልቸኩልም» አሉና ቁልፉን አዙረው «አጠፉ»። ከመኪናው ወርደው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። «ሰጥቻለሁ!» አሉ። አዴ ጫልቱ እልል አሉ። ጋሽ ተድላ ምርቃት ጀመሩና «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ» ሲሉ ሐጂ ቃሲም በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

የዚያኑ ዕለት በዚያው የድንች መኪና የእኔን ካምቢዮ አመጣንላቸው፤ ጉታ የእሳቸውን አውጥቶ የእኔን ገጥሞላቸው ሲጨርስ አንድ ጊዜ ሞከሩትና «ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ ይለመዳል» አሉ። እሁድ ጉታ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስር ዋለ። ሰባቱም ቡሎን ያለ መዶሻ ገባ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁልፉን አዞርኩ፤ ናፍጣው አጓራ፣ አጨሰ፣ መኪናዬ ሄደች።

ሰኞ ማለዳ ሳጉሬ ስደርስ ሌላ ፒካፕ ቆሞ ወተት እየጫነ አገኘሁ። ፍሬኑን ረግጬ አቆምኩ። ወርጄ ወደ ወይዘሮ አበራሽ ሄድኩ። «ሰኞ ጠዋት አላላችሁም? ይኸው ሰኞ ጠዋት ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ወይዘሮ አበራሽ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። «አንቺ አላገባሽም እንዴ?»

«ምን?»

«ሽማግሌ ልካ ኢተያ አገባች ተባለ እኮ! ቅዳሜ ሙሽራውን በጋቢ ጠቅልለው በመኪና ሲወስዱት ሰው አይቷል። ታሞ ነው የሚል አለ፤ እምቢ ብሎ አስረውት ነው የሚልም አለ። እኛማ ያገባች ሴት ወተት ልትሰበስብ አትመጣም ብለን ነው።»

ገበሬዎቹ የወተት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ከበቡኝ። «ሙሽራውስ የት አለ?» አለ አንዱ።

ኮፈኑን ከፈትኩት። «ይኸው።»

ሁሉም አጎንብሰው አዩት። ከዚያ ወይዘሮ አበራሽ ሞተሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና እልልታቸውን አቀለጡት። የዚያኛው መኪና ሾፌር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሲነሳ የጫናቸውን ጀሪካኖች በገዛ እጁ አውርዶ ወደ እኔ አሻገራቸው። ያን ጠዋት አንድ ሊትር ወተት አልተበላሸም።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ሁንዴን አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ቀን «ይነሱ፣ እውነተኛዋን አቦምሳ በመኪናዬ ላሳይዎ» ብላቸው «ዛሬማ ሄጄ መጣሁ፤ ደክሞኛል» አሉኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምን ተለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ ዛሬ መጠየቅ አላፍርም። ድሮ የጎደለኝን ነገር በጩኸት ነበር የምሸፍነው። ሰው እንቢ ሳይለኝ እኔ ቀድሜ እሳደብ ነበር፤ እንቢ ከመባል ተሳዳቢ መባል ይሻለኛል ብዬ። ለካ ስንት ዓመት ሰው ስለ እኔ የሚለውን በግማሽ ብቻ ነበር የሰማሁት። ምላሴ እንደሆነ ዛሬም ያው ነው፤ ጉታን ጠይቁት።

አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ጋሽ ተድላን ገበያ አድርሼ ስመልሳቸው መኪናውን ዳር አቆምኩና ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ተድላ፣ ኢተያ ስለ እኔ የተናገሩት የሽማግሌ ወግ ነው ወይስ እውነትዎን ነው?»

ተቆጡ። «ምን ማለትሽ ነው? እኔ ስለ ሙሽራ የምናገረው ግማሹ ውሸት ነው፤ ሳይዋሽ ማን ያጋባል? ያን ቀን ግን ሞተሩን አላውቀው። ምን ልበልለት? የማውቀው አንቺን ብቻ ነበር፤ የማውቀውን ተናገርኩ።»

ከዚያ «ንጂ እንጂ፣ ጎመኑ ሊጠወልግብኝ ነው» አሉኝ። ማርሹን አስገባሁና ነዳሁ።